ውሉ በግራ በኩል

ክር ሲገዛ ጨዋ ነው። ቱባው ተጣጥፎ፣ ወገቡ በወረቀት ታስሮ፣ ራሱና ግርጌው ተለይቶ ይመጣል። ያን ወረቀት አውልቆ አንዴ መጎተት ነው፤ ከዚያ በኋላ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ አይታወቅም።

ውል የሚባለው የቱባው ጫፍ ነው። እሱ ከተገኘ የቀረው ሳይለመን ይከተላል። እሱ ከጠፋ ግን መጀመሪያ በጥፍር፣ ቀጥሎ በጥርስ፣ በመጨረሻም በመቀስ ነው። እኔ ውል ለማጥፋት የተፈጠርኩ ሰው ነኝ። በቤቴ ውሉ የጠፋ ክር ያልገባበት ጥግ የለም። ብስኩት ያለቀበት ቆርቆሮ ውስጥ አለ፤ በፌስታል ታስሮ የመኝታ ቤቱ በር እጀታ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የወንበሩ ትራስ ሥር አለ፤ የመነጽሬ ማኅደር ውስጥ አለ። አንድ ቀን ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ከእንቁላሉ አጠገብ አገኘሁ። እንዴት እዚያ እንደደረሰ ለማሰብ ጉልበት ስላልነበረኝ አውጥቼ ቆርቆሮው ላይ ጨመርኩት።

የምሠራው ቤተ መጻሕፍት ነው። ሰው ያነሣውን መጽሐፍ ወደ ቦታው ስመልስ ውዬ ቤቴ ስገባ፣ እጄ ሌላ ምንም ነገር ወደ ቦታው መመለስ አይፈልግም።

በዚህ ሁሉ ዝርክርክ መሀል ግን፣ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ፣ በታጠፈ ብርድ ልብስ የተሸፈነ አንድ የእንጨት ሣጥን አለ። ውስጡ በቀጫጭን ጣውላ ተከፋፍሏል። በየክፍሉ፣ በካርቶን ቁራጭ ላይ የተጠነጠነ ክር እንደ መጽሐፍ ጀርባ ተደርድሮ ቆሟል። አንድም የተላቀቀ፣ አንድም የተንጠለጠለ የለም። ሣጥኑን ያዘጋጀው ባለቤቴ ነው። ከወንበሩ መነሣት ባቃተው ወራት፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ እኔ ያወሳሰብኩትን እየፈታ አንድ በአንድ አጠነጠነው። ከዚያ ሣጥን ክር ለመውሰድ እሱ ያጠነጠነውን መፍታት ያስፈልጋል። ስለዚህ አልወስድም። ሣጥኑ ውስጥ ቀይ እያለ ቀይ እገዛለሁ፤ ሰማያዊ እያለ ሰማያዊ እገዛለሁ። አዲሱም በተራው ውሉ ይጠፋና ፌስታል ውስጥ ይገባል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ሲነገር የሚያስቅ ነገር ነው፤ የሚስቅ ሰው ማስተናገድ ደግሞ ደክሞኛል።

ችግሩ አረንጓዴው ነበር።

ለእማማ፣ ለባለቤቴ እናት፣ አልጋ ልብስ ጀምሬ ነበር። ዙሪያውን ቅርንጫፍ ይዞረዋል፤ ቅርንጫፉ ላይ ቅጠል አለ። አረንጓዴውን የመረጠው እሱ ነው። በልጅነቱ በግቢያቸው ዛፍ ነበር፤ ውሎው እላዩ ላይ ነበር አሉ። "የዚያ ዛፍ ቅጠል ከሥር ወደ ላይ ሲያዩት እንዲህ ነው" ብሎ ከሱቁ አረንጓዴ ሁሉ ይህን ለየ። ሦስቱን ማዕዘን ጨርሼ አራተኛው ላይ ስደርስ ክሩ አለቀ። ሱቁ አረንጓዴ አላጣም፤ ሞልቶታል። ግን አንዱ ይጠቁራል፣ አንዱ ይበጫል። ያን ዓይነቱ መምጣት ካቆመ ቆይቷል። "እህቴ፣ አረንጓዴ እኮ አረንጓዴ ነው" አለኝ ባለሱቁ። የቀረው ሣጥኑ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። አልጋ ልብሱን አጣጥፌ አስቀመጥኩ፤ እማማ በስልክ በጠየቁ ቁጥር "ሊደርስ ነው" እያልኩ ከረምኩ።

ቅዳሜ ጠዋት የባለቤቴ ታላቅ እህት መጣች። እትዬ ነው የምላት፤ ወንድሟ ሲጠራት ሰምቼ የያዝኩት ነው። የአንድ ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ናት። ሰው ቤት ስትገባ ከሰው በፊት መደርደሪያ ነው የምታየው።

"አንቺ ምሁር! አለሽ?"

ምሁር የምትለኝ ስትወደኝም ስትናደድብኝም ነው። የቱ እንደሆነ የሚለየው ከድምጿ ነው። የዛሬው ከሁለቱም ነበረበት።

"አለሁ እትዬ፣ ግቢ።"

"አለሁ ትላለች! ይሄ በሩ ላይ የተሰቀለው ምንድን ነው?"

"ክር ነው።"

"ክር? እኔ ድመት ሰቅላ ገድላ ነው ብዬ ደንግጬ!" ፌስታሉን አውርዳ ገልጣ አየችው። "ይሄማ ጥልፍ አይደለም፤ ጥልፍልፍ ነው።"

"ሻይ ላፍላልሽ?"

"ሻይሽ ይቆይ። አልጋ ልብሱስ?"

"ሊደርስ ነው።"

"ሊደርስ ነው፣ ሊደርስ ነው! ባቡር ነው እንዴ?" ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሹራቧን በሁለት ጣቷ ቆንጥራ ወደ እኔ ሳብ አደረገችው። ቀይ ሹራብ ነው፤ በጨለማ የሚታይ ቀይ። "ይሄን ትናንት ምን አለችኝ መሰለሽ እማዬ? 'ዛሬ ጥቁር የለበስሽው ማን ሞቶ ነው?'"

ሹራቡን በጣቴ ዳሰስኩት።

"ሐኪሙ የነገረን ነው እየሆነ ያለው። እይታዋ እየጠበበ፣ እየጠበበ፤ ቀለሙም እየተለያት። ጠዋት በደንብ ፀሐይ ሲገባ ብቻ ትንሽ ትለያለች። እሱም እስከ መቼ እንደሆነ እንጃ። ከአልጋዋ ሳትወርድ 'የልጄ ቅጠል አልደረሰም ወይ?' ነው የምትለኝ። መዳሰሱን እኮ ሁልጊዜም ትዳስሰዋለች። ማየት ነው የፈለገችው።" ከዚያ ድምጿን ከፍ አደረገች፤ ሲከፋት እንዲያ ታደርጋለች። "ምን ጎደለሽ? ጊዜ ነው? ሰው ላምጣልሽ?"

"አረንጓዴ ክር አልቆብኝ ነው።"

እውነት ነበር። ግማሽ እውነት።

"ይሄ ሁሉ ክር እያለ? እዚህ ቤት ውስጥ አረንጓዴ ከጠፋ ጆሮዬ ይቆረጥ!"

ጫማዋን አወለቀች። ነጭ አንሶላ አስመጣችኝና ወለሉ ላይ አነጠፈችው፤ ቀለም በነጭ ላይ ነው የሚለየው። ቆርቆሮውን፣ ፌስታሎቹን፣ ትራስ ሥር የነበረውን፣ ሁሉንም መሀሉ ላይ ዘረገፈች። ክምሩን ከላይ ሆነን ተመለከትነው። እኔ መተኛት አሰኘኝ። ድካም ስል እንቅልፍ የሚያነሣውን አይደለም፤ ተኝቶ ተነሥቶም አልጋው ዳር ተቀምጦ የሚጠብቀውን ነው።

"የግምጃ ቤት ሕግ ይኸውልሽ፤ የሚፈለግ ዕቃ ከፊት፣ የማይፈለግ ከኋላ፣ የማይረባ ከበር ውጭ። በይ ተቀመጪ።"

ተቀመጥኩ። የጫማ ካርቶን በጣት ርዝመት ቆራረጥኩ፤ በየቁራጩ ጎን፣ የክሩ ጫፍ የሚገባበት ትንሽ ስንጥቅ በመቀስ አበጀሁ። እሷ ቀዩን ከቀይ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ ታጉራለች። የተወሳሰበውን ይዛ ስትጎትት እጇን ያዝኩት።

"ሲጎትቱት ይጠብቃል እትዬ። ከመሀል እያላላሽ አሳሺው። ውሉ ራሱ ይወጣል።"

"አታውቂ መስሎኝ!"

"ማወቁንማ አውቃለሁ።"

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤ ያንቺ ድር ያሰረው አንቺን ነው" አለችና በራሷ ቀልድ ሣቀች። እኔም ፈገግ አልኩ። ከእትዬ ጋር ሲሠራ ጥሩው ነገር ይህ ነው፤ እሷ እያወራች ስለሆነ ዝም ማለት ይቻላል። ሰው "እንዴት ነሽ?" ሲለኝ "ደህና" ነው መልሴ። እናቴ "ሆድ ይፍጀው" የምትለው ነገር ነበራት፤ ያወረሰችኝ እሱን ነው። ሆድ ደግሞ ይፈጀዋል፤ ቀስ ይላል እንጂ።

ክምሩ እየጎደለ፣ የተጠነጠነው እየጨመረ ሄደ። አረንጓዴ በአራት ዓይነት ተገኘ። እትዬ አንዱን አንሥታ ጨርቁ ላይ፣ ከተጠለፈው ቅጠል ጎን አስተኛችው።

"ይሄስ?"

"ይበጫል።"

"ይሄ?"

"ይጠቁራል።"

"ኧረ በናትሽ! አንቺም የእማዬን ዓይን ልታመጪ ነው። በዚህ ብትሰፊው ምን አለበት? ማን ያየዋል?"

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ እሷም ሰማችው። ክሩን አንሶላው ላይ መለሰችው።

"እማዬ ታየዋለች" አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ።

ሻይ ለማፍላት ተነሣሁ። ወጥ ቤት ውሃው እስኪፈላ የመስኮቱን ጠርዝ ይዤ ቆምኩ። አሁን ገብቼ ክሩ አለ ብል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሁለተኛው ግን ይከተለዋል፣ ሦስተኛውም። እትዬ ደግሞ ጫፉን ካገኘች እስከ መጨረሻው ካልጎተተች አትተውም። ከመኝታ ቤት ወንበር ሲጎተት ተሰማኝ። ያጠነጠንነውን የምታስቀምጥበት ቦታ እየፈለገች ነው ብዬ ተውኩት። ዳቦ ቆረጥኩ፤ ብርጭቆዎቹን ትሪ ላይ ደረደርኩ።

ስመለስ ሣጥኑ ጭኗ ላይ ነበር።

"አንቺ! ይሄን የመሰለ ሣጥን አናት ላይ ቀብረሽ ነው ፌስታል የምትሰቅይ? ደግሞ አደራደሩ! ነጭ ከአረንጓዴ፣ ግራጫ ከወይን ጠጅ! ቀለም ቆጥራለች ተብሎ ይወራል!"

ከፈዛዛው ወደ ደማቁ አድርጋ እንደገና ደርድራዋለች። ያምራል። እሱ አላስደነገጠኝም፤ ቅደም ተከተል ይመለሳል፣ የምኖርበት ሥራ ነው። ያስደነገጠኝ ሳታውቀው ያለችው ቃል ነው። ባለቤቴ መድኃኒት ቤት ነበር የሚሠራው፤ ካርቶኖቹንም የቆረጠው ከመድኃኒት ማሸጊያ ነው። አጠንጥኖ ሲጨርስ "በምን ልደርድረው?" አለኝ።

"በቀለም ነዋ።"

"ቀለም ማለት ፊደል አይደል? ቀለም የቆጠርሽው አንቺ ነሽ። መጽሐፍሽ በፊደል ተራ፣ ክርሽም በፊደል ተራ።"

እናም ከሐምራዊ ጀምሮ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ እያለ፣ ነጭን ከአረንጓዴ አስጠግቶ እስከ ጥቁር ደረደረው። በየካርቶኑ አናት ላይ የቀለሙን የመጀመሪያ ፊደል ጻፈበት፤ ሐ፣ ሮ፣ ሰ። ሣቅኩ። የፈለገውም ይህንኑ ነበር።

"አጠነጣጠኑ ደግሞ የተገላቢጦሽ" ትላለች እትዬ። "ስስበው ይጠማዘዛል፤ አበሳዬን አሳየኝ። ሦስቱን አስተካከልኩልሽ።"

ያኔ ነው ያየኋቸው። ነጩ፣ ሮዙ፣ ግራጫው፤ በእሷ እጅ፣ በቀኝ፣ ጥብቅ ብለው ተጠንጥነው አንሶላው ላይ ተቀምጠዋል።

"ደግሞስ ይኸውልሽ አረንጓዴሽ! ከቅጠሉ ጋር አስተያየሁት፤ ራሱ ነው!" ካርቶኑን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። የክሩን ጫፍ ከስንጥቁ አውጥታ በጣቷ ይዛዋለች።

"አስቀምጪው" አልኳት።

"እ?"

"አስቀምጪው፣ እትዬ።"

ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አደረግሁት። ከአንዱ ብርጭቆ ሻይ ፈስሶ ዳቦውን አርሶታል።

"ምን ነካሽ? አረንጓዴ ጠፋ ብለሽ ወገቤ እስኪቆረጥ አስፈለግሽኝ፤ አሁን ሲገኝ..."

እጄን ወደ ካርቶኑ ዘረጋሁ። እትዬ አየችኝ። ከዚያ በእጇ ያለውን አየች። ካርቶኑን በግራ እጇ ይዛ በቀኟ ለማጠንጠን ሞከረች፤ ክሩ አልተከተላትም። እጅ ቀየረች። ካርቶኑ ወደ ቀኟ፣ ክሩ ወደ ግራዋ ሄደ። አሁን ክሩ በቀደመው መስመሩ ላይ ሰተት ብሎ ተኛ። አንዴ አዞረችው፤ ደገመችው። ቆመች።

"ግራዬ" አለች።

እማማ እሱን የሚጠሩበት ስም ነው። ግራኝ ነበር፤ በልጅነቱ ማንኪያ በቀኝ እንዲይዝ ያልተደረገ ነገር የለም አሉ። በመጨረሻ እማማ ራሳቸው ተሸንፈው ስም አደረጉለት።

"ግራዬ ነው ያጠነጠነው።"

"እሱ ነው" አልኩ።

የፈታቻቸውን ሦስቱን ተራ በተራ ተመለከተቻቸው። አንዱን አነሣችና መልሳ አስቀመጠች፤ እንደሚያቃጥል ነገር።

"የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ። እጄን ይቁረጠው!"

"አላወቅሽም እኮ።"

"አላወቅኩም! ማን ነግሮኝ ልወቅ? አፍ የለሽም?" ተነሣች፤ መልሳ ተቀመጠች። "ወንድሜ እኮ ነው። ወንድሜ ነው! አንቺ የእሱን እጅ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠሽ ትኖሪያለሽ፤ እኔ ምኑ አለኝ? አንድ ቀን 'እትዬ፣ ነይ እይ' ብትይኝ ምን ይጎድልብሽ ነበር? ይኸው፣ የነካሁ ዕለት ሳላውቅ ፈታሁት።"

የምትለው ሁሉ ልክ ነበር። ሐዘን የግሌ መስሎኝ ነበር፤ በሩን ስዘጋ ማን ውጭ እንደቀረ ዞሬ አላየሁም። ይህን ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን "ሻይሽ እየቀዘቀዘ ነው" ነው።

አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ሻዩን አነሣች። እርጥቡን ዳቦ በላች፤ ደረቁን ወደ እኔ ገፋችው።

"ለማን ነው ያጠነጠነው?" አለችኝ በኋላ።

"ለእኔ።"

"ለምን?"

"ውሉ እንዳይጠፋብኝ።"

"ታዲያ ውል ለሚጎትት ሰው ነው እንጂ ለሣጥን ምን ያደርግለታል? እኛ ግምጃ ቤት ገብቶ ወጪ የማይሆን ዕቃ አለ። አዲስ ነው፣ ከነማሸጊያው። ስንከፍተው ዝገት ነው።" ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች። "ግን ያንቺ ነው። ከእንግዲህ አልነካም። ለእማዬም ክር ጠፋ እላታለሁ፤ ውሸትም አይደል።"

ትሪውን ይዛ ወጥ ቤት ገባች። ቧንቧው ሲከፈት ሰማሁ።

ካርቶኑን አነሣሁት። አናቱ ላይ አ የምትለው ፊደል አለች፤ ትንሽ ወደ ኋላ ጋደል ያለች፣ የእሱ አ። ክሩ እላዩ ላይ ስስ ሆኖ፣ አንዱ ዙር ከሌላው ጎን፣ ሳይደራረብ ተኝቷል። እጁ እየከበደው በመጣ ጊዜ ያጠነጠነው ነው፤ ቢሆንም አልተደራረበም። ሣጥኑን የሰጠኝ ቀን ውል የማጥፋት ልማዴን ስለሚያውቅ አስጠንቅቆኝ ነበር።

"ስትፈልጊ በቀኝ አትፈልጊ። እኔ የሰካሁት ውል በግራ በኩል ነው።"

"ግራ አጋባኸኝ" አልኩት።

"ግራ ጎኔ አይደለሽ? ትለምጂዋለሽ።"

ከዚያ በኋላ ሳል ያዘውና ጨዋታው እዚያ ላይ ቀረ።

ወጥ ቤት ውስጥ እትዬ አንዱን ብርጭቆ ደጋግማ ታጥባለች። እማማን አሰብኳቸው፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ እስክትገባ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ዛሬ ቀለም ይመጣ ይሆን ወይስ አይመጣ እያሉ ሲጠብቁ። እኔ ሣጥኑን ማንም ሳይነካብኝ ብዙ ዓመት ልጠብቀው እችላለሁ። እሳቸው የሚጠብቁበት ዓመት የላቸውም። የእሱ ሥራ በእኔ ዘንድ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ የመረጠው ቀለም ግን የተመረጠው ለእናቱ ነበር።

መነጽሬን አደረግሁ። ጨርቁን መወጠሪያው ላይ ወጠርኩ። ጫፉን ይዤ ሳብኩት፤ ምንም ሳይንገራገር መጣ። እሱ የሠራው ነገር እንዲህ ነው፣ አያስቸግርም።

እትዬ እጇን እያደራረቀች ስትመጣ የመጀመሪያውን ቅጠል ግማሽ አድርሼ ነበር። በሩ ላይ ቆመች። እትዬ የሚነገር ነገር እያላት ዝም ስትል ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። አንሶላው ላይ ተቀምጣ የቀረውን ክምር ማጠንጠን ቀጠለች።

ክሩ ከካርቶኑ ጎን ሲሳብ ትንሽ ይጠማዘዛል። ሲጠማዘዝ መርፌውን ለቅቄ አየር ላይ እንዲንጠለጠል አደርገዋለሁ፤ እየዞረ፣ እየዞረ ይፈታና ቀጥ ይላል። ደጋግሜ ለቀቅኩት። በለቀቅኩት ቁጥር እስኪቆም እጠብቃለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ሰውን ያደክማል፤ ግን ድካሙ ጣት ላይ ነው፣ የት እንዳለ ይታወቃል።

ከሰዓት በኋላ የእትዬ ስልክ ጮኸ። ወደ ጆሮዋ ስታስጠጋው የእማማ ድምፅ እስከ እኔ ይሰማ ነበር፤ ስልክ ሲይዙ ይጮኻሉ።

"ደረሰ ወይ?"

"ሊደርስ ነው እማዬ" አለች እትዬ፤ ወዲያው ወደ እኔ ዞራ ዓይኗን አፈጠጠች። "ወይ ጉድ፣ ተጋባብኝ!"

"ምን አልሽኝ?"

"ማታ ይዤው እመጣለሁ፤ ጠዋት ታዪዋለሽ አልኩሽ።"

"ያቺ ልጅ ምሳ በላች?"

"ዳቦ በልታለች።"

"ዳቦ ምሳ ነው? አንቺ እዚያ ሆነሽ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ክር አጠነጥናለሁ፣ እማዬ። በቀኝ።"

ያን እንዳለች ድምጿ ተሰበረና ስልኩን ዘጋችው። ከጨርቁ ላይ ዓይኔን አላነሣሁም፤ ግን እጄን ዘርግቼ ጉልበቷን ነካሁት። ጥቂት ቆየሁና መርፌዬን አነሣሁ።

የመጨረሻው ቅጠል ጫፍ ላይ ክሩ ካርቶኑን ለቀቀ። የተረፈችው የጣት ርዝመት የምታህል ቁራጭ ናት፤ ከጨርቁ ጀርባ ቋጠርኳት። አልጋ ልብሱን ዘርግተን አየነው። አዲሱን ቅጠል ከአሮጌው መለየት አይቻልም። እትዬ በመዳፏ አንድ ጊዜ ዳበሰችው፤ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ጫማዋን አደረገች።

ስትወጣ ከሣጥኑ ቀዩን አንሥቼ ሰጠኋት። ያልተነካውን፣ በግራ የተጠነጠነውን።

"ምን ልሠራበት? እኔ መርፌ አልይዝ።"

"የሹራብሽ ቁልፍ ሲወልቅ ትሰፊበታለሽ።"

"ቁልፌ አይወልቅም። በደንብ ነው የተሰፋው" አለች። ግን እጇን አላጠፈችም። ካርቶኑን ቦርሳዋ ውስጥ ሳይሆን ሹራቧ ውስጥ፣ ደረቷ ላይ ከተተችው። "ሳምንት እመጣለሁ፣ አንቺ ምሁር። ምሳ አብስይ።"

በሩን ዘግቼ ስመለስ ባዶው ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ነበር። ክሩ ሸፍኖት የኖረው ጽሑፍ አሁን ይታያል፤ ከመድኃኒቱ ማሸጊያ የቀረ፣ "ከምግብ በኋላ" የሚል። ሁለቱ እናትና ልጅ ብቻ ሳይሆኑ እሱም ስለ ምሳዬ ይጠይቀኛል ማለት ነው። የቀረችውን ዳቦ ቆሜ በላሁ።

ከዚያ ያንን የሚበጨውን አረንጓዴ አንሥቼ ካርቶኑ ላይ ማጠንጠን ጀመርኩ። በቀኝ ነው፤ ሌላ አልችልም። የእሱን ያህል አላማረም፤ መሀሉ ላይ ተደራርቦ ጉብ አለ። ስጨርስ ስንጥቁን በቀኝ በኩል ፈለግሁ፤ የለም። ካርቶኑን ብገለብጠው ወደ ቀኝ ይመጣ ነበር፤ ግን ያኔ የእሱ አ ከኋላ ትሆናለች። አልገለበጥኩትም። እጄን አሻግሬ ውሉን በግራ በኩል ሰካሁት።

ሁሉንም ወደ ፊደል ተራው መለስኩ። እትዬ በቀኝ ያጠነጠነቻቸውም ቦታ ቦታቸውን ያዙ፤ አረንጓዴው ከነጩ ቀጥሎ ቆመ። የቀዩ ቦታ ባዶ ነው።

ሣጥኑን ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ለመመለስ ወንበር መሳብ ነበረብኝ። ደክሞኝ ነበር። ጠረጴዛው ላይ፣ ክዳኑን ሳልዘጋ ተውኩት።